ሳይጫን የቆየው ድራይቨር

ላፕቶፑ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተመልሶ የመጣ ዕለት ጋሽ ደመና የግቢውን ሣር አጭዶ እጁን እየታጠበ ነበር። ፖስታ አዳዩ ካርቶኑን በሽቦው አጥር ላይ አሻግሮ ሰጠውና የመቀበያ ደብተሩን ዘረጋለት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ ጋሼ። ዝናቡን ለመቼ ቀጥረውታል?»

«እኔ የምለካው ከወረደ በኋላ ነው» አለ ጋሽ ደመና፣ እጁን በሱሪው እያደረቀ።

«እስቲ ይህን ለሚስቴ ይንገሩልኝ። ልብስ ባሰጣች ቁጥር እርስዎን ነው የምትረግመው።»

ደመና ስሙ አይደለም፤ ከተማው ያወጣለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማው ዳር፣ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ሙቀትና ዝናብ፣ እርጥበትና ነፋስ እየለካ የኖረ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። ጣራው የሚያፈስበትም፣ እህሉ የደረቀበትም፣ ኳስ ጨዋታው በጭቃ የተበላሸበትም ሰው ሲያልፍ ሲያገድም አንድ ነገር ጣል ሳያደርግበት አይሄድም። እሱም ፈገግ ብሎ ያሳልፋል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሽቦ ያለው ስልክ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሳሳት ሰዓት።

ሚስት ነበረችው። አራት ዓመት አብራው ኖረች። አንድ ቀን ጠዋት ስለ ሆነ ጉዳይ አጥብቃ እያናገረችው ሳለ፣ ሦስት ሰዓት ሞላና ብድግ ብሎ ቴርሞሜትሩን ሊያነብ ወጣ። ሲመለስ «አንተ ያገባኸው ቴርሞሜትሩን ነው፤ እኔ እዚህ ቤት ምስክር ነኝ» አለችው። ተጣልታው አልነበረም፤ ቁርጥ አድርጋ ነበር የተናገረችው። በወሩ ሄደች። ጋሽ ደመና ያን ቀን የመዘገበውን ሙቀት እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ ሚስቱ ስለ ምን እያወራችው እንደነበረ ግን ጠፍቶበታል።

ያኔ ያነበበውን በቀን ሦስት ጊዜ በስልክ ለዋናው መሥሪያ ቤት ያቀብል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ግቢው መሀል በራሱ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው በኬብል ከላፕቶፑ ጋር ተያያዘ፤ ላፕቶፑም በየሩብ ሰዓቱ መረጃውን በኢንተርኔት ይልክና በላከ ቁጥር «ጢን» ይላል። የጋሽ ደመና ሥራ ሣር ማጨድ፣ የመሣሪያውን የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ መስታወት መወልወል፣ ለማመሳከሪያ የጠዋቱን ንባብ በመዝገቡ ላይ ማስፈርና ያቺን ጢን መስማት ሆነ። ስልኩ ዝም አለ። እህቱ በዓመት አንዴ ሁለቴ ትደውልለታለች፤ እሱም «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል።

ካርቶኑን ፈታ። የሁሉም ጣቢያ ላፕቶፕ በየተራ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እየተወሰደ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጫንበት ነበርና የሱ ተራ አልፎ መምጣቱ ነው። ሲከፍተው ስክሪኑ ላይ ቆንጆ ሰማያዊ ሜዳ ታየው፤ ፊደሎቹ ግን ወደ ጎን ተለጥጠው ወፍረዋል። ኬብሉን ሰካ። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ «ያልታወቀ መሣሪያ» አለችው። ነቀለ፣ ሰካ። ጫፉን በጨርቅ ጠርጎ ደግሞ ሰካ። ከመሣሪያው ስም ፊት አንዲት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን የኖሩ ዕቃዎች፣ አንደኛው አዲስ ልብስ ቢለብስ ጊዜ አላውቅህም ተባባሉ።

ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ።

«መረጃ መቀበያ» አለች አንዲት ሴት። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነው።

ማንነቱንና የሆነውን ነገራት።

«የርስዎም ነው? ቆይ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ልስጥዎት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው።»

ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ እንደተቀበላት ያስታውቃል። «ድራይቨሩ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ድራይቨሩ። መሣሪያውንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚ ይበሉት። የድሮው አስተርጓሚ የአዲሱን ሲስተም ቋንቋ አያውቅም።»

«ድምፅም የለውም እኮ። ጢን ማለቱን ትቷል።»

«ድምፁም የራሱ ድራይቨር አለው። ስክሪኑም አለው።»

«ሰውዬው አዲስ ቤት ሲገባ የድሮ ሠራተኞቹን ሁሉ አባረረ በሉኛ» አለ ጋሽ ደመና።

ኃላፊው አልሳቀም፤ ከጀርባው ሴትዮዋ ስትስቅ ግን ተሰማው። ለካ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ኖሯል። ኃላፊው ድራይቨሩ እስኪገኝ ድረስ በድሮው መንገድ፣ ጠዋት ሦስት፣ ቀን ስድስት፣ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ፣ በስልክ እንዲያቀብል ነገረውና ስልኩን ለሷ መለሰላት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥር ብቻ ነበር። እሱ ያነባል፣ እሷ ደግማ ትነግረዋለች፣ «ደህና ይዋሉ» ይባባላሉ። በአራተኛው ቀን ቁጥሩን ጨርሳ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየችና፣ «ሰማዩስ ምን ይመስላል?» አለችው።

«ደመናው ከሰማዩ ስምንት እጅ ሦስቱን...»

«እሱን ጽፌዋለሁ። ምን ይመስላል ነው ያልኩዎት። እኛ ያለንበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። የአርባ ሁለት ጣቢያ ዝናብ እጃችን ላይ ነው፤ ስወጣ ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ግን አላውቅም።»

ጋሽ ደመና የስልኩ ሽቦ እስከፈቀደለት ድረስ ወደ በሩ ተጠጋ። «በምሥራቅ በኩል» አለ፣ «ጥጥ ሲፈለቀቅ እንደሚበተነው ነው። በዚህ በኔ ራስ ላይ ንጹሕ ነው። አንድ ቁራጭ ግን ከመንጋው ተለይታ ቀርታለች።»

«እሷን ይጠብቁልኝ እስከ ስድስት ሰዓት» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ሲያይ ለሷ ማየት ያዘ። ቃል እያዘጋጀ፣ የማይሆነውን እየጣለ፣ የሚሆነውን እያነሳ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። አንድ ቀን ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ጢሙን ሲላጭ ራሱን መስታወት ውስጥ አገኘውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስልክ ጢም ያያል እንዴ?» አለው። ግን ተላጭቶ ጨረሰ።

እሷም ትንሽ ትንሽ ነገረችው። ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ እግራቸው ከዛለ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። የሷን ሥራ «የሰው አገር ዝናብ መቁጠር» እያሉ ይጠሩታል።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አለችው በስምንተኛው ቀን፣ ሳታስበው አንተ ብላው። ከዚያ ራሷ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ አመለጠኝ።»

«ሃምሳ ሁለት ነው።»

«እኔ አርባ ስምንት። እንግዲህ አንተ ብልህ ሰማይ አይወድቅም።»

«ቢወድቅም የምመዘግበው እኔ ነኝ» አለ።

ያን ጊዜ የሳቀችውን ሳቅ ሲያስብ ዋለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ኢሜይል ደረሰው። የመሣሪያው ድራይቨር ተገኝቷል፤ ፋይሉን አውርዶ መጫን፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት፣ በቃ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጋሽ ደመና ፋይሉን አወረደው። ሲከፍተው ሁለት ቁልፎች መጡ። አንደኛው «ጫን» ይላል፣ ሁለተኛው «ተወው»።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። በዚያ ዕለት የሚነግራት ነገር ነበረው። የቴርሞሜትሩ ሣጥን ሥር አንዲት ወፍ ጎጆ ጀምራለች። «ከዘጠኝ ሰዓቱ በኋላ እጭነዋለሁ» አለና «ተወው»ን ተጫነ። ከዘጠኝ ሰዓቱ በኋላ ደግሞ «ነገ ይደርሳል» አለ።

በነጋታው ኃላፊው ራሱ ደወለ። «ጫኑት?»

«እምቢ አለኝ» አለ ጋሽ ደመና። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«ምን ይላል?»

«ያው... ቢጫዋ አልሄደችም።» ይህስ እውነት ነበር። ቢጫዋ የት ትሄዳለች፤ ማን አስነሳት?

«አጥፍተው ይሞክሩት። ካልሆነ መኪና ሲገኝ ሰው እልካለሁ።»

ጋሽ ደመና በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቁጥር ፈጥሮ አያውቅም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሎት የጠዋቱ ንባብ ሲያመልጠው፣ ገምቶ መሙላት ሲችል፣ «አልተነበበም፤ ታምሜ ነበር» ብሎ ነው የጻፈው። የተመልካቾች መዝገብ ላይ ደግሞ መሰረዝ እንጂ መፋቅ የለም። ስህተት የጻፈ ሰው አንድ መስመር ያሳልፍበታል፤ እውነቱን ከላዩ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ስህተቱ ከሥር እየተነበበ ይኖራል። በዚህ መዝገብ፣ መረጃው በራሱ ላልሄደበት ቀን በተተወው «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ፣ በዚያ ቅዳሜ «ድራይቨር አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። እሑድም ጻፈ። ሰኞም ጻፈ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። በየማለዳው ብዕሩን ሲያነሳ እጁ እንደ ሌባ ይፈጥናል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆንና ያ ጎርናና ድምፅ «እህ፣ ወፏስ?» ሲለው ግን ሁሉን ይረሳዋል።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኩን ያነሳው ኃላፊው ነበር።

«እሷስ?» አለ ጋሽ ደመና።

«እናቷ ወድቀው ሐኪም ቤት ናት። በሉ ቶሎ ያንብቡልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ማክሰኞም እንዲሁ ኃላፊው ነበር። ስለ ሰማዩ የጠየቀው የለም። ረቡዕ ጠዋት ተመለሰች። ድምፅዋ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«አጥንት አልተሰበረም፤ እግዜር አተረፋት። እሑድ እኔ እዚህ ሆኜ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ወደቀች። ጎረቤት ብቅ እያለች ታይልኛለች ብዬ ነበር፤ እንግዳ መጣባት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ነበረች።»

«እሑድ ትሠሪያለሽ እንዴ? መሥሪያ ቤቱ ዝግ አይደለም?»

«ዝግ ነው። የሌላው ጣቢያ በራሱ ይመጣል። ላንተ ብዬ ነው የምገባው።»

ጋሽ ደመና ደረቱ ላይ አንድ ሙቀት ተሰማው። ላንተ ብዬ። ለአንድ አፍታ ያቺን ቃል ብቻ ይዞ ቆመ። ቀጥሎ የቀረው ሁሉ ደረሰበት፤ ባዶው መሥሪያ ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ወለሉ ላይ የተኙት አሮጊት።

«አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው። «የማንም አይደለም። የድራይቨሩ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ላፕቶፑን ከፈተ። ፋይሉ እዚያው አለ። አሁን ቢጭነው፣ በስድስት ሰዓት «ድራይቨሩ እሺ አለ፤ ከእንግዲህ እሑድ አትድከሚ» ቢላት፣ ታመሰግነዋለች። ያ ነው የከበደው። ማታለሉ አንሶ ምስጋናዋንም ሊወስድ ነው? ሳይነግራት አልጭነውም አለ። ሊነግራት ደግሞ በስድስት ሰዓት ፈራ፣ በዘጠኝ ሰዓት ፈራ። ሐሙስን በሙሉ ፈራ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አንድ ነገር ልነግርሽ» ብሎ ጀምሮ ስለ ነፋስ አወራት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የእሑድ ጠዋት ነው። ቁጥሩን አነበበላት፣ ደገመችለት።

«ድራይቨሩ በእጄ ነው» አለ።

«እሺ አለህ? መቼ?»

«ቆይቷል። አሥራ አምስት ቀን ሆኖታል። እምቢ አላለኝም። አልጫንኩትም።»

ከአጠገቧ አንድ ወንበር ሲንሸራተት ሰማ።

«ለምን?»

ጋሽ ደመና መልሱን ሦስት ቀን ሲያጠና ሰንብቶ ነበር። የተጠናው ሁሉ ጠፋው። «ከጫንኩት መደወል ይቀራል» አለ።

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስንት እሑድ አለ?» አለችው።

«ሁለት።»

«ሁለት» አለች፣ ቁጥር እንደምትደግመው። «ሦስተኛው ነገ ነበር ማለት ነው።»

«ነገ የለም። ስልኩን እንደዘጋሁ እጭነዋለሁ። መዝገቡንም አስተካክላለሁ።»

«መዝገቡን ይተዉት» አለችው። አንቱ ብላው ነበር። የሰማው ያንኑ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ያለችውን ለመስማት ራሱን መሰብሰብ ነበረበት። «ወሬ ከፈለጉ ወሬ አማረኝ ማለት ነበር። እኔም ቤቴ ስልክ አለኝ። እናቴም ብትሆን የሚያዋራት አጥታ ነው ከግድግዳ ጋር የምትጣላው።»

ቁጥሩን ስጪኝ ማለት ነበረበት። በሩ ገርበብ ብሎለት ነበር። እሱ ግን «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ አለ።

«ደህና ይዋሉ» አለችና ዘጋች።

«ጫን»ን ተጫነ። አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተጓዘች። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ቢጫዋ ሦስት ማዕዘን ጠፍታለች፤ መሣሪያው ስሙን አግኝቷል። በሩብ ሰዓቱ ላይ የመጀመሪያው መረጃ ሄደ። ጢን አላለም፤ የድምፁ ድራይቨር ገና አልተገኘምና።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሞልቶ አለፈ። ስልኩ ጋ አልሄደም። በዚህ ሰዓት እቤቷ ናት፤ ይህ ብቻውን በቂ ሊሆን ይገባ ነበር። መዝገቡን አወጣና አሥራ አምስቱን መስመሮች አንድ በአንድ ሰረዘ። ከያንዳንዱ በላይ «ድራይቨሩ ደርሶ ነበር፤ አልጫንኩትም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ተቆጣጣሪ በመጣ ጊዜ ያየዋል፤ ይጠይቀዋልም። ይጠይቀው። ወደ ማምሻው ላይ ወደ ከተማው ወርዶ ሻይ ቤት ተቀመጠ። አንድ ሰውዬ «ጋሽ ደመና፣ ነገስ?» አለው። «ነገን አላውቅም» አለ። ሰውዬው የጠበቀው ቀልድ አልመጣለትም መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ መለሰ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነበር።

«መረጃዎ እየገባ ነው። በመጨረሻ እንዴት እሺ አለዎት?»

«ቀድሞም እምቢ አላለም። እኔ ነኝ ያልጫንኩት» አለ ጋሽ ደመና። እሷ ነግራው ይሆናል ብሎ ነበር።

ኃላፊው ሳቀ። «እርስዎም ይቀልዳሉ ለካ። ለማንኛውም ደህና ሠሩ። የቀረ ነገር አለ?»

አልነገረችውም ማለት ነው። ከኃላፊው ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ ያን የማይቸኩል ድምፅ ሰማው። ለሌላ ሰው «ይቀጥሉ፣ እየጻፍኩ ነው» ትላለች።

«እሷን ማናገር ይቻላል?» አለ። እጁ የስልኩን ሽቦ እየጠመዘዘ ነበር።

«የሐይቁን ጣቢያ ይዛለች። የነሱም ላፕቶፕ በአዲሱ ሲስተም መጥቶ መሣሪያውን አላውቅም ብሏቸዋል። የነሱ መሣሪያ ሌላ ዓይነት ነው፤ ድራይቨሩ ገና ነው። ለምን ጉዳይ ልበላት?»

«ለሥራ አይደለም በሏት።»

«እ?»

«ለሥራ አይደለም። የቤቷን ስልክ ቁጥር ልጠይቃት ነው። ካልፈለገች እንዳትሰጠኝ።»

አሁን ኃላፊው አልሳቀም። «ረጅም ነው የሚያነቡላት። ይጠብቃሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ። ጋሽ ደመና ወንበሩን በእግሩ ስቦ ተቀመጠ። በሩቁ የሐይቁን ሙቀት፣ የሐይቁን እርጥበት፣ የሐይቁን ነፋስ አንድ በአንድ ትደግማለች።